እማዬ ደጅ የቆመችበት ተራራ

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ጉዞዬን የጀመርኩት በጥር መጨረሻ፣ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ሻንጣ አልነበረኝም። የያዝኩት አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ ሎሚና እህቴ በስልክ የላከችልኝን የመንገድ ምሪት ነበር። የምሄድበት አገር በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ሰዎች ዓይን የሚሸፍን የቪአር መነጽር አጥልቀው የሚገቡበት፣ ዘንዶም ጠንቋይም ያለበት፣ አንዱን ዳር ይዞ ሌላው ዳር ለመድረስ ቀናት የሚፈጅ ትልቅ ጌም ነው። እኔ በሥራዬ መሬት ቀያሽ ነኝ። ሜትር የማይዘረጋበት መሬት ላይ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሄድኩት ለጨዋታ አይደለም። ታላቅ እህቴ ትርንጎ ሮብ ገበያ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ስለሆነ ከቤት አትወጣም። ረቡዕ ጠዋት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ስንዱ፣ ጌሙ ሊታደስ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሮጌዎቹ ቤቶች በሙሉ ይጠፋሉ። የእማዬ ድምፅ እዚያ አለ። ካንቺ በቀር ሊያመጣው የሚችል የለም።»

እማዬ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ፎቶዋ ሞልቶናል፤ ድምፅዋ ግን የለንም። በድምፅ የላከቻቸው መልእክቶች ሁሉ የነበሩት በትርንጎ ስልክ ላይ ነበር፤ ስልኩን መናኸሪያ ውስጥ ሰረቋት። ከስልኩ ጋር ሲም ካርዱ፣ ከሲም ካርዱ ጋር የጌም አካውንቷ ሄደ። ትርንጎ ማርቆስ በነበረችበት ጊዜ ጌሙ ውስጥ ቤት ሠርታ ነበር። በሩ ላይ አንድ ትልቅ የቀንድ አውጣ ዛጎል ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ ይናገርበታል፣ እሱም የተነገረውን ያስቀምጣል። እማዬ በሕይወቷ አንድ ቀን፣ በትርንጎ ልመና፣ መነጽሩን አጥልቃ እዚያ በር ላይ ቆማ ነበር።

ቤቱ ባለቤቷ ስሙን ካላስመዘገበችው ሰው ዓይን የተሰወረ ነው። ትርንጎ ያስመዘገበችው ሁለት ስም ብቻ ነበር፤ የእማዬንና የእኔን። ሁለት ዓመት ሙሉ «ነይና ቤቴን እዪልኝ» ስትለኝ ሥራ አለብኝ፣ ያጥወለውለኛል፣ ዛሬ አልችልም እያልኩ ቀረሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጌም ቤቱ ወንድ ይበዛበታል፤ ጌሙ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚግባባው በድምፁ ነው፤ እኔ ድምፄን ማውጣት አልወድም። ገጠር ለቅየሳ ስንወጣ የገበሬው አጥር ጋ ስንደርስ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራው ባልደረባዬ ነው፤ እኔ ከኋላው ቆሜ ደብተሬን እገልጣለሁ። ዘመድ ቤት ስሄድ እንኳ ደጅ ላይ ሆኜ ስልክ እደውላለሁ። ትርንጎ በዚህ ስትስቅብኝ ነው የኖረችው።

የጌም ቤቱ ባለቤት ከድር ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከታች ያለው ሱቅ የአባቱ ነው። ደረጃውን ስጨርስ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አየሁና ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ከድር አየኝና ሳቀ።

«አንቺም? ታዲያ የትርንጎ እህት ነሻ!»

«በምን አወቅህ?»

«እናትሽም አውልቀው ነው የገቡት። አያስፈልግም እናቴ ብላቸው፣ "የሰው ምንጣፍ ነው" ብለው በካልሲ ቆሙ።» ቀጥሎም «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ የመነጽሩን ማሰሪያ በራሴ ልክ አጠበበልኝ። ዋጋው ለአንድ ሰዓት መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ እሱ ግን ሐሙስን አላስከፈለኝም።

ግራጫው ወደብ

መነጽሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የታየኝ ውኃ ነው። ከእግሬ ሥር፣ ከሳንቃው ስንጥቅ በታች፣ አረንጓዴ ውኃ ይንቀሳቀሳል። ደጋ ላይ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ከድር ክርኔን ይዞ «ግድግዳ ነው» አለኝ። ሎሚዬን አሸተትኩ። የምራመደው በእጄ በያዝኩት መቆጣጠሪያ ነው፤ ዓይኔ ይሄዳል፣ እግሬ አይሄድም፤ ሆድ ይህን አይወድም።

ወደቡ የድንጋይ ቤቶች የተደራረቡበት ከተማ ነው። ዓሣ ነጋዴዎቹ፣ ዘበኞቹ፣ ጀልባ ቀዛፊው የማሽን ሰዎች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ያናግራሉ። በመካከላቸው የእውነት ሰዎች ይሯሯጣሉ። አንዱ ገጭቶኝ ያልፋል፣ አንዱ በሰው ቤት በር ዘው ብሎ ገብቶ ማሰሮ ይዞ ይወጣል፤ ማንም ምንም አይለውም። እኔ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሜ የሚያስገባኝ ሰው ስጠብቅ ብዙ ደቂቃ አለፈ። ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ቃል እየደጋገመች ታየኛለች። ገባ በይ የሚል እንደሌለ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከኋላዬ «መንገድ ጠፋብሽ?» የሚል ድምፅ በአማርኛ ሰማሁ። ዞርኩ። ወገቤን የማይደርስ፣ ጆሮው እንደ ቆቅ ክንፍ የተዘረጋ፣ አረንጓዴ ፍጡር ቆሟል፤ እጁ ላይ መጥረቢያ አለ። ድምፁን ግን ዐወቅሁት። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ቲቸር አዳሙ ናቸው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?»

«እርስዎ?» አረንጓዴው ፍጡር መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አኖረ። «እዚህ አገር እርስዎ የሚለኝ ዘንዶው ብቻ ነው፤ እሱም ሊበላኝ ሲል። ማን ልበል?»

«ስንዱ ነኝ። ሦስተኛው ወንበር፣ መስኮቱ ጋ።»

«አአ! ስንዱ!» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው በጆሮዬም በክፍሉም ተሰማኝ። ለካ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ ሌላኛውን መነጽር አጥልቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ከዚያ በኋላ አንተ ልላቸው ሞክሬ አቃተኝ። ወገቤን የማይደርስን ፍጡር አንቱ እያልኩ፣ እሱ ደግሞ ቀና ብሎ አንቺ እያለኝ፣ ከወደቡ ወጣን።

የምሄድበትን የነገርኳቸው ወንዙ ዳር ነው። አጭር አድርጌ ነገርኳቸው፤ እማዬን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ቅዳሜን። ተማሪያቸው ሳለሁ ለቲቸር አዳሙ በአንድ ጊዜ ከሦስት ቃል በላይ ተናግሬ አላውቅም። ሰሙኝና «ያን በረዷማ የተራራ ማለፊያ ብቻሽን አታልፊውም። በልምድ ነው የምነግርሽ፤ አራት ጊዜ ሞቼበታለሁ» አሉ።

የትርንጎ ምሪት እንዲህ ይላል፦ «ወንዙን በግራሽ ይዘሽ ሂጂ። ድልድይ ታገኛለሽ፤ አትሻገሪው። ማረፊያ ቤቱን እለፊና ሽቅብ ውጪ። ማለፊያውን ከጨረስሽ ጅብራ የሚመስል ተክል የበቀለበት ጉብታ አለ። ቅርብ ነው።» እኛ አገር «ቅርብ ነው» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ በሥራዬ ዐውቃለሁ። ያን ቀን ድልድዩ ጋ ለመድረስ ብቻ ሦስት ሰዓት ሄድን። ገደሉ ደጀን ላይ ሆነው ዓባይን ሲያዩት ይመስላል፤ እንደዚያው ነብርማ ቋጥኝ፣ እንደዚያው ከታች የቀጠነ ውኃ። የሚለየው ጭነት መኪና እያቃሰተ የሚወጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ቲቸር አንድ ድንጋይ ወደ ገደሉ ወርውረው በጣታቸው ሰከንድ ቆጠሩና «የመሬት ስበታቸው ትክክል አይደለም፤ ጽፌላቸው መልስ አልሰጡኝም» አሉ።

መነጽሩን ሳወልቅ ደረጃው ላይ የነበረችው ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሎሚዬ ደርቋል። አስፋልቱ ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ መሬቱ እንደ ሳንቃው ከሥሬ ይወዛወዝ ነበር።

ዓርብ፣ ማረፊያ ቤቱ

ዓርብ ከሰዓት ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ቲቸር ክፍለ ጊዜያቸውን ጨርሰው፣ ጠመኔ የነካ ኮታቸውን እንደለበሱ ደረሱ። ከድር ጁምዓ ሰግዶ እስኪመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅነው።

ማረፊያ ቤቱ ከድልድዩ በላይ፣ ጥድ በሚመስሉ ጥቁር ዛፎች መካከል ነው። ጣሪያው ሣር፣ ውስጡ ሞቃት፣ መካከሉ ላይ የእሳት ጉድጓድ አለ። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ባለ ማረፊያ ቤት የሚሸጠውን ይዘረዝራል፦ የበግ ጭን በአራት የብር ሳንቲም፣ የእንጉዳይ ሾርባ በሁለት፣ ዳቦ በአንድ። ወደ ማለፊያው የሚወጣ ሰው ሥጋ እንዲበላ አጥብቆ ይመክራል። ብርዱ ጉልበት ይበላል፤ ጉልበትሽ የሚለካው ደግሞ በእጅሽ አንጓ ላይ ባለ ቀይ መስመር ነው፤ ሲያልቅ ትወድቂያለሽ።

የበጉን ጭን ገዛሁ። አንስቼ ወደ አፌ አቀረብኩት። እንደዚያ ነው የሚበላው፤ ወደ አፍ ሲጠጋ ይጠፋል፣ መስመሩ ይሞላል። እጄ አፌ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው?» አሉ ቲቸር።

«ዓርብ ነው እኮ።»

አረንጓዴው ፍጡር እጁን ተመለከተ። እሳቸውም የያዙት እንጉዳይ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ረቡዕ እዚሁ ቤት ተቀምጬ እንደዚሁ አሰብኩ» አሉ ዝግ ብለው። «ብርሃን ነው። ሥጋ አይደለም፣ ቅቤ አይደለም፤ የሚገባው ዓይን ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ በሉ?»

«አልበላሁም። ለዚህ ነው አራተኛውን ጊዜ የሞትኩት።»

ከድር ከመስኮቱ ጋ ሆኖ ይሰማን ነበር። «ኧረ እናንተ ሰዎች! የኮምፒውተር ቢትና ባይት ነው እኮ! የሚጠይቃችሁ የለም!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ረመዳን ላይ ቀን ቀን በጌሙ ውስጥ ውኃ ትጠጣ ነበር?» አሉት ቲቸር።

 ከድር «እሱ ሌላ ነው» አለ፤ የነበሩት ሁሉ ሳቁበት።

ዳቦና እንጉዳይ በልተን ወጣን። አሁን ሳስበው ሞኝነት ነው፤ ያኔ ግን የበጉን ጭን ለመጣል ምንም አላመነታሁም። የእማዬን ድምፅ ለመስማት ስሄድ በእማዬ ቤት ያልተደረገ ነገር ማድረግ አስጠላኝ።

ማለፊያው ነጭ ነው። ነፋሱ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያፏጫል፣ በረዶው በአግድም ይመጣል፣ የእግር ዱካችን ወዲያው ይሞላል። ደብረ ማርቆስ ላይ የጥር ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጀርባዬን ታሞቀኛለች፤ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። ጫፉ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ቀዩ መስመር አለቀ። ቲቸር ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድመው «ጾመኛው ወደቀ» አሉና ተደፉ። እኔም ከላያቸው ላይ ተዘረርኩ። ዓይኔ ጠቆረ፤ ሲበራ ማረፊያ ቤቱ እሳት ዳር ተኝቻለሁ። ባለ ጢሙ ሰውዬ የበግ ጭን በአራት የብር ሳንቲም እንደሆነ ይነግረኛል።

እንደገና ወጣን፤ እንደገና ወደቅን። ሦስተኛውን ልንሞክር ስንል የመነጽሩ ተራ የሌላ ሰው ሆነ። ለትርንጎ «ነገ» ብቻ ብዬ ጻፍኩላት። «እሺ» ብላ መለሰችልኝ፤ ቀጥላም «ልጅቷ ስታለቅስ እማዬ "እሹሩሩ" የምትልበትን ዜማ ለማስታወስ ሞከርኩ። ድምፅዋ አልመጣልኝም» ብላ ጻፈች። ያን መልእክት ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እኔም ሞከርኩ። ለእኔም ቃሉ እንጂ ድምፁ አልመጣም።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን

ቅዳሜ ከተማው ይሞላል፤ ጌም ቤቱም እንደዚያው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ወንበሮቹ ተይዘው ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙም ነበሩ። ከድር ሁለቱን መነጽሮች ለእኛ አስቀምጦልን ነበር። የጌሙን ድምፅ ወደ ስልኬ የሚቀዳ ገመድ አያይዞ፣ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝና «ከጆሮሽ ውጪ ማንም አይሰማውም» አለኝ።

ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ቲቸር የበጉን ጭን አቀበሉኝ። «ቅዳሜ ነው፤ ብዪ። እኔም እበላለሁ።» በልተን ወጣን። በዚህ ጊዜ መስመሩ አልከዳንም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ፣ ደመናው ከታች ቀረ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ጨለመ። መጀመሪያ እንደገና የሞትኩ መስሎኝ ነበር። መነጽሩን ሳነሳ ሰው ሁሉ «ኧረረረ!» ይላል። መብራት ሄዷል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር።

መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረን። ሰዎች ሰለቻቸውና ግማሹ ወደ ገበያ ወጣ። ቲቸር ከኮታቸው ኪስ ቆሎ አውጥተው አካፈሉኝ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል። በመስኮቱ ቁልቁል አህያና ባጃጅ ሲጋፋ እያየሁ ሁለቱን ዓመታት አሰብኩ። ያ ሁሉ ቀን መብራት ነበር። ቤቱ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ስሜ ነበር። ትርንጎ ነበረች፤ እማዬም ነበረች፤ አብረን ልንሄድ እንችል ነበር። እኔ ብቻ ሥራ አለብኝ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ አምፖሉ በራ። ሰው ሁሉ ደረጃውን እየተጋፋ ተመለሰ።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድን። ማለፊያው ማዶ ያለው አገር ጓሳ በመሰለ ቢጫ ሣር የተሸፈነ ደጋ ነው፤ ጭጋግ ቁልቁል ይፈሳል፣ በየቦታው አንድ አንድ ሆኖ ረጅም ግንድ ያለው፣ አናቱ ላይ ቅጠል ያጎፈረ ጅብራ መሳይ ተክል ቆሟል። ሳየው ትርንጎ ለምን እዚህ ቤት እንደሠራች ገባኝ። የጮቄን ተራራ ነው የሚመስለው። ሙሽራ ሆና ወደ ጮቄ ግርጌ፣ ወደ ሮብ ገበያ፣ ከመሄዷ በፊት በጌሙ ሄዳበት ነበር።

ጉብታው ላይ ትንሽ ክብ ቤት አለ። ከበሩ ጉበን ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ነጭ ቀንድ አውጣ በገመድ ተንጠልጥሏል።

«ደረስን» አልኩ።

ቲቸር ዙሪያውን ተመለከቱ። «እኔ የሚታየኝ ባዶ ጉብታ ነው» አሉ። «ሂጂ። እዚሁ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።» አረንጓዴው ፍጡር መጥረቢያውን አስቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

ቀንድ አውጣውን ስነካው አንድ ጽሑፍ በአየር ላይ ታየ። ትርጉሙ፦ *ድምፅህን ስጥ፤ የቀደሙህን ትሰማለህ።*

«እኔ ነኝ» አልኩ።

*አልሰማሁም።*

«ስንዱ ነኝ።»

*አልሰማሁም።*

ማይኩ አሮጌ ነው፤ ከድር አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ መጮህ ያስፈልጋል። ከመነጽሩ ውጪ ምን እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ምናልባት ሃያ ሰው። ዓይናቸው አይታየኝም፤ ቢሆንም አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ሦስተኛ ሞከርኩ፤ ከጉሮሮዬ የወጣው ትንፋሽ ነው። አንጓዬ ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ስንዱ» አሉ ቲቸር ዞር ሳይሉ። «ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበርሽ። መልሱን ታውቂው ነበር እኮ። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር።»

ምን ልበል? ስሜን መጥራት ትርጉም የለሽ ሆነብኝ። ሰላምታ ለማን ይሰጣል? የቆምኩት በር ላይ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው። ዓይኔን ጨፈንኩና ባልደረባዬ በገበሬው አጥር ላይ እንደሚጮኸው ጮህኩ፦

«ቤቶች!»

 ወዲያው ከኋላዬ፣ ካርቶን ዕቃ የተሸከመ አንድ ትልቅ ሰው፣ ከልምድ የተነሣ፣ «እህ፣ ማነው? ግቡ!» ሲል ሰማሁ። ሁሉም ሳቀ፤ ሰውዬውም በራሱ ሳቀ። በእኔ ላይ የሳቀ ግን አልነበረም። ቀንድ አውጣውም ዞር አለ፤ ብርሃን ወጣው፤ በጆሮዬ ውስጥ፣ ከጉሮሮዬ የሚቀርብ ያህል ቀርቦ፣ ይህ መጣ፦

«ቤቶች! … ቤቶች!»

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ፤ የኔ ቤት እኮ ነው!» ትርንጎ ናት፤ እየሳቀች።

«ያንቺስ ቢሆን? የሰው ደጅ ዝም ተብሎ ይገባል? ቤቶች!»

«ማንም የለም እማዬ። ባዶ ነው።»

«አለ እንጂ።» እዚህ ላይ እማዬ ቀልድ ልትናገር ስትል የምታደርጋት ትንሽ ሳል አለች፤ ያቺን ሳል ረስቻት ነበር። «ስንዱ ናታ! ሰምታ ዝም የምትል እሷ ናት። አንቺ ስንዱ! ደጅ ላይ ልታስቀሪኝ ነው?»

ከዚያ ሳቋ፤ ከዚያ የካልሲ እግር ምንጣፍ ላይ ሲንሸራተት፤ ከዚያ ጸጥታ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ ተራራ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እማዬ ስትቀልድ ነው። እኔ ግን ቀልድ ሆኖ አልተሰማኝም። መነጽሩ ውስጥ እንባ ሲገባ መስታወቱ ይደፈርሳል፤ ቤቱ እንደ ጭጋግ ሆነብኝ። በሩን ገፋሁት። ውስጥ አንድ መደብ፣ አንድ ምድጃ፣ ሦስት የመቀመጫ ዱካ አለ። ሦስት። ገብቼ በሩን ሳልዘጋ ዞርኩና፣ ማን እንደሚሰማኝ ሳላስብ፣ ጮክ ብዬ መለስኩ፦

«አለሁ፣ እማዬ። ግቢ።»

በክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም። ከድር ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ተቀድቷል» አለኝ በሹክሹክታ።

አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ዱካው አጠገብ ቆምኩ። ሲሞላ ድምፅ አልነበረውም፤ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ከዚያ በሩ፣ መጨረሻ ላይ ቀንድ አውጣው ፈዘዘ። እኔም ቲቸርም ባዶ ጉብታ ላይ ቆመን ቀረን። «አሁን የሚታየን አንድ ሆነ» አሉ።

ቤቴ የገባሁት በእግሬ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ቆሜ፣ በሕይወቴ ረጅሙን መንገድ ሄጃለሁ። በደብተሬ ላይ የማለፊያውን ከፍታ፣ የማረፊያ ቤቱን ዋጋ፣ የተክሎቹን ቅርጽ ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ቀያሽ ነኝና መጻፍ ልማዴ ነው። ስለ ራሴ የጻፍኩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። ዝምታዬን ሁልጊዜ ጨዋነት አድርጌ ነበር የማየው፤ ዝም ስል ደጅ ላይ የሚቆም ሰው እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት

በአንድ ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ደረስኩ። የሮብ ገበያው ሚኒባስ እስኪሞላ ጥቂት ቆየ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የድንች ዘር ከረጢት በጉልበታቸው መካከል ይዘው ነበር። «ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እዚሁ ነኝ» ብዬ ወደ መስኮቱ እዞር ነበር። «እህቴ ወልዳ፣ ልጠይቃት ነው» አልኳቸው። እስክንደርስ ድረስ ስለ አራስና ስለ ድንች በሽታ አወራን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ብርዱ እየጨመረ ሄደ። ጮቄ አናቱን በደመና ሸፍኗል። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል።

የትርንጎ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ አጥር ያለው ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ኪሴ ገብቶ ስልኬን ያዘ። ያዝኩት፤ አላወጣሁትም። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል።

«ቤቶች!» አልኩ።

የሚያለቅሰው ሕፃን ብቻ ነው የመለሰልኝ። ጎረቤት ያለች ሴት ልብስ እያሰጣች ቀና ብላ አየችኝ። አፈርኩ፤ ግን ሁለተኛ ጠራሁ፤ ከመጀመሪያው ይበልጥ።

«ቤቶች!»

ከውስጥ ሁሉም ነገር ቆመ። ከዚያ የትርንጎ ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፦ «ማነው?»

«ስንዱ ነኝ።»

«ስንዱ?» አለች። «ስንዱ ነሽ እንዲህ የምትጣሪው? ምነው፣ ስልክሽ ምን ሆነ?»

«ስልኬስ ደህና ነው» አልኳት በበሩ ስንጥቅ። «እማዬ አለችበት።»

መቀርቀሪያው ሲነሳ ሰማሁ። ጫማዬን አወለቅሁ።

«ግቡ» አለች እህቴ። «ሁለታችሁም ግቡ።»